ሞተሩን ያራቆትንበት ጾም

ወንድሜ ሞተር ሳይክሉን መፍታት የጀመረው የእኛ ዐቢይ ጾምና የሙስሊሞቹ ረመዳን በገጠሙበት ዓመት ነው። ሐረር በዚያ ሰሞን ከቀትር በኋላ በእንቅልፍና በንቃት መካከል ትሆን ነበር። ከተማው ሁሉ አፉ ደርቆ፣ ድምፁን ቀንሶ፣ የጥላውን መርዘም ይጠብቃል። ዛሬ ሳስታውሰው ራሱ፣ ያየሁት ይሁን ያለምኩት የማይለይልኝ ብዙ ነገር አለ።

ጋራዡ ከኤረር በር ወጣ ብሎ ነበር። ባለቤቱ የጀጎል ሰው፣ በቤታቸው ሐረሪኛ የሚናገሩ ሽማግሌ ናቸው፤ እኔም ወንድሜም «አባ» እንላቸዋለን። እኔ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ፣ እሳቸው እስከ መግሪብ። ወንድሜ ግን ጾም የሚባል አያውቅም።

«ሁለታችን እንጾማለን፤ ይሄ ከሞተሩ ጋር ቤንዚን ይጠጣል» ይሉ ነበር አባ።

«አቦ ተዉኝ አባ! እኔ ብጾም ቁልፉን ማን ያነሳል?»

«ወላሂ ሳትጾምም አላነሳኸውም።»

እኔ ጎጃሜ ነኝ። ሐረር የመጣሁት ለመድኃኒት ቤት ሥራ ተመድቤ ነው፤ ስምንት ዓመት ሆነኝ። አባታችን ሲያርፍ ወንድሜ ተከተለኝ፤ አቦከር ሰፈር ውስጥ የኤሌክትሪክ ሥራ ይሠራል። ሲመጣ እናታችን እጄ ላይ ያኖረችውን ቃል አልረሳውም። «አደራሽን፤ በእግሩ ሄዷል፣ በእግሩ ይመለስልኝ» ነበር ያለችኝ። ያን ጊዜ ሞተር ሳይክል አልነበረውም። አሁን ግን ሞተር መያዙ ብቻ ሳይሆን ድሬዳዋ ላይ ለውድድር በተዘጋ አስፋልት ሊሽቀዳደምበት ስሙን አስመዝግቧል። አትሂድ ብለው ይሄዳል። ሂድ እንዳልለው ደግሞ አደራው አለብኝ።

ስለዚህ ከሥራ ስወጣ ጋራዥ እየሄድኩ መቀመጥ ጀመርኩ። ቢያንስ አየዋለሁ ብዬ ነው።

የውድድሩ ደንብ በስልኩ መጥቶለት ነበር። እኔ የመድኃኒት ወረቀት ሦስት ጊዜ ሳላነብ ለሰው የማልሰጥ ሰው ነኝና፣ ደንቡንም እንደዚያው እያነበብኩ በእርሳስ ምልክት አደርግለታለሁ። መጀመሪያ ፍሬቻዎቹ ወረዱ። ቀጥሎ ታርጋው፣ ክላክሱ፣ የፊት መብራቱ። ሲቆም የሚደገፍበት ብረት እግር እንኳ ተነሣ፤ ከዚያ ወዲያ ግድግዳ ካላስደገፉት መቆም የማይችል ሆነ። ስፖኪዮዎቹን ሲፈታ «ከኋላህ የሚመጣውን በምን ታያለህ?» አልኩት።

«አላይም እታለም። ከኋላ ያለው ነው እኔን የሚያየኝ።»

ይህችን ነገር ማታ በጸሎቴ መካከል እንኳ አስባት ነበር።

በየቀኑ ሞተሩ እየቀለለ፣ እየጠበበ ሄደ። የዘይቱ ቡሎን እንዳይላላ ተበስቶ በቀጭን ሽቦ ታሰረ፤ ሽቦውን አባ ናቸው በጣታቸው ያጠማዘዙት፣ ለሴት ልጅ ሹሩባ እንደሚሠሩ በቀስታ። የከሰዓቱ ፀሐይ በቆርቆሮው ቀዳዳ እየገባች እጃቸው ላይ ታርፋለች። ከሩቅ የሚመጣው የአዛን ድምፅና የረሃቤ ማዞር አንድ ላይ ሆነው ጋራዡን የሚያንሳፍፉት ይመስለኛል።

ከዚያ ውሃው ጋ ደረስን። ራዲያተሩ ውስጥ ያለው አረንጓዴ ማቀዝቀዣ ፈሳሽ፣ ኩላንቱ፣ ክልክል ነው ይላል ደንቡ፤ አስፋልት ላይ ከፈሰሰ ያንሸራትታል። ንጹሕ ውሃ ብቻ ይሞላ። ወንድሜ ኩላንቱን አፍስሶ፣ ራዲያተሩን አጥቦ ባዶ አደረገው። ዓርብ ነበር፤ እኔ በምሳ ዕረፍቴ መጥቻለሁ፤ አባ ጁምዓ ሄዱ፣ ወንድሜ ተጨማሪ ሽቦ ሊገዛ ፈረስ መጋላ ገበያ ወጣ። «ጋራዡን ጠብቂ፤ የተጣራውን ውሃ ቀስ ብለሽ ሙዪበት» አለኝ።

ቦርሳዬ ውስጥ እናቴ ከገዳም አስቀድታ የላከችልኝ ጸበል ነበር። እነሆ፣ ውሃ ብቻ ነው የተባለው። ጸበል ደግሞ ውሃ ነው። በመድኃኒት ቤት «ሳትጠይቂ ምንም አትቀላቅይ» እያልኩ ስንቱን ሰው የምቆጣ ሴት፣ ሁለቱን ሊትር ጸበል ራዲያተሩ ውስጥ ገለበጥኩት፤ ከጸበሉ ጋር ከመጣው እምነት፣ ከተባረከው አመድም ቆንጥሬ ጨመርኩበት። አባታችን ሆይ ብዬ ክዳኑን ገጠምኩ። በዚያች ሰዓት ከሞተሩ ጋር የታረቅን መሰለኝ።

ቅዳሜ ወደ ማታ ወንድሜ ከከተማው ወጣ ባለው ሜዳ ላይ ነድቶት ተመለሰ። ሲበርድ አባ ክዳኑን ከፍተው አዩ። ጣታቸውን ነከሩ፣ ለብርሃን አሳዩት። ውሃው ግራጫ ሆኗል።

«የቴስታታ ጓርኒሲዮን ነው» አሉ በመጨረሻ። የሞተሩን ራስ ከአካሉ የሚያሽገው ነገር ተበልቶ ዘይትና ውሃ ተቀላቅሏል ማለታቸው ነው። «ሰኞ እንከፍተዋለን። ዕቃው ግን እዚህም ድሬም የለም፤ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ሁለት ሳምንት ነው።»

ውድድሩ በሳምንቱ እሁድ ነበር።

ወንድሜ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ወደ ሳጥናቸው መለሰ። እኔም የጸበሉን ነገር አልተናገርኩም። እግሬ ግን ቀለለኝ፤ አልዋሽም። ሳልከለክለው፣ ሳልጣላው፣ ጸበሉ ራሱ ልጁን አስቀረልኝ ብዬ አመሰገንኩ። የሚጠበቅብኝ ዝም ማለት ብቻ ነው።

እሁድ ቅዳሴ ቆሜ ዝምታዬን እያገላበጥኩ አየሁት። አልዋሸሁም፣ ማንም አልጠየቀኝም። ቤት ስመለስ ወንድሜ አልጋው ላይ ወደ ግድግዳው ዞሮ ተኝቷል፤ ምግቡ እንደተከደነ ነው። ይህንንም ቻልኩት። ያልቻልኩት የሰኞውን ነው።

ሰኞ ጋራዥ ስደርስ አባ ቁልፋቸውን ይዘው ሞተሩ ፊት ተቀምጠዋል፤ ወንድሜ ፋኖስ እንደሚይዝ ሰው የስልኩን መብራት ይዞላቸዋል። አባ እጃቸውን እያዩ ነበር።

«እኔ ነኝ ጥፋተኛው፣ ልጄ» አሉት። «ይሄን ሞተር ደህና ነው ብዬ የመረቅኩልህ እኔ ነኝ። እጄ አርጅቷል። ከዚህ በኋላ የሰው ሕይወት የሚሸከም ነገር ባልነካ ይሻለኛል።»

አርባ ዓመት የታመነን እጅ፣ ከነጾሙ፣ በእኔ ቁንጥር እምነት ላፈርሰው ነው! ቁልፉ ቡሎኑ ላይ አረፈ።

«አባ፣ አይፍቱት።»

«ለምን?»

«ውሃው… ጸበል ነው።»

ወንድሜ መብራቱን ወደ ፊቴ አዞረው። «ምንድን ነው ያልሽው?»

«ጸበል። እምነትም ጨምሬበታለሁ። ትንሽ።»

«ትንሽ ስንት ነው?»

«ሦስት ቁንጥር።»

«ለምን ሦስት?»

«በሥላሴ ስም ነዋ!»

አባ «ሱብሃነላህ!» ብለው አሮጌ ጎማ ላይ ዘፍ አሉ፤ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። «ጾሜን ልታስፈቺኝ ነው! የክርስትና ስሙንስ ማን አልሽው?»

«አቦ እታለም!» አለ ወንድሜ፤ ሊቆጣ ጀምሮ ሳቁ አሸነፈው። «ሁለት ቀን ሙሉ ለቅሶ ተቀምጬ!»

ከዚያ ውሃው መፍሰስ ነበረበት። ወንድሜ እንደ ልማዱ ወለሉ ላይ ሊለቀው ሲል ጮኽኩ፤ ጸበል አይረገጥም። አባ ተነሥተው ንጹሕ ሳፋ አመጡ። «እኛም ዘምዘም አለን፤ የተከበረ ውሃ ክብሩን ያውቀዋል» አሉ። ቢስሚላህ ብለው በሳፋው ተቀበሉትና፣ ሁለት እጃቸውን ከስሩ አድርገው፣ ከንፈራቸው እንደደረቀ እየተራመዱ፣ ግቢው ጥግ ካለው የጊሽጣ ዛፍ ሥር ቀስ አድርገው አፈሰሱት። ምድሪቱ ስትጠጣው ሦስታችንም ቆመን አየን። የቆምንበት ጊዜ በጣም ረጅም ይመስለኛል፤ ምናልባት ደቂቃ አይሞላም።

ራዲያተሩን ደጋግመን አጠብነው። የተጣራውን ውሃ ወንድሜ ሲሞላ እኔ የጠርሙሱን ጽሑፍ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። ሞተሩ ተነሥቶ ግማሽ ሰዓት ሠራ፤ ሲበርድ ክዳኑ ተከፈተ። ውሃው እንደ ገባ ነው። አባ እጃቸውን በጨርቅ ጠርገው «አልሐምዱሊላህ» አሉ፤ ከዚያ ሌላ ነገር አልጨመሩም።

ወደ ቤት ስንሄድ ወንድሜ «ዝም ብትይ እኮ እቀርልሽ ነበር» አለኝ።

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ?»

«ቅደም፣ መንገዱ ጠባብ ነው» አልኩት።

በውድድሩ ዕለት አልሄድኩም፤ ማየቱን አልቻልኩም። ከቅዳሴ ወጥቼ ስልኬን በእጄ እንደያዝኩ ዝም ብዬ ተራመድኩ። ቤቶቹ፣ ነጠላዎቹ፣ የሚያልፉት ባጃጆች ሁሉ ከውሃ በታች ያሉ ይመስሉ ነበር። ሳላውቀው መናኸሪያው አጠገብ ደርሻለሁ። ስልኩ ሲጮህ ከእጄ ሊወድቅብኝ ነበር።

«እታለም!»

«እግርህ?»

«ምን?»

«እግርህ ደህና ነው ወይ?»

«ሁለቱም አሉ። ክርኔ ትንሽ ተፋቀች እንጂ።»

«ተመስገን። ስንተኛ ወጣህ?»

«ስምንተኛ።»

«ከስንት?»

«ከዘጠኝ። ዘጠነኛው ሞተሩ ጠፍቶበት ነው።»

መንገድ ላይ ብቻዬን፣ ነጠላዬን አፌ ላይ ይዤ ሳቅኩ። እሱም ሳቀ፤ ከኋላው የሰው ጩኸትና የሞተር ድምፅ ይሰማል። ሽንፈት ያለበት ድምፅ አልነበረም። ልጅ ሆኖ ወንዝ ዋኝቶ ሲመለስ የነበረውን ድምፅ ነው የሰማሁት።

«ድሬ! ድሬ! አንድ ሰው የጎደለው!» ይላል አንዱ የሚኒባስ ረዳት፤ ከዚያ ዓይኑ እኔ ላይ አረፈ። «እናት፣ ድሬ ነሽ?»

«ድሬ ነኝ» አልኩና ገባሁ።