በቻይንኛ የተናገርኩት

ዩኒቨርሲቲ ቻይንኛ ልማር ነው ስል እናቴ አኮረፈች። «የሰው ልጅ ሕግ ይማራል፣ አካውንቲንግ ይማራል። አንቺ የማናውቀውን አገር ቋንቋ ልትለቅሚልኝ ነው?»

ስመረቅ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ሕግ የተማሩት ጓደኞቼ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ሲንከራተቱ፣ እኔን ኡራኤል አካባቢ ፎቅ የሚሠራ የቻይናዎች ድርጅት ወዲያው በአስተርጓሚነት ቀጠረኝ። ካዛንቺስ፣ ሰፈራችን ውስጥ፣ ስሜ «ቻይናዋ» ሆነ። እናቴም ኩርፊያዋን ረስታ ለዕድርተኛው ሁሉ «ቋንቋ ሀብት ነው» ትል ጀመር።

አንድ ግድግዳ የሚለየን ጎረቤታችን አናጢ ነበር። አንድ ጠዋት በር ላይ ጠብቆ፣ «እስቲ ለእኔም አንዲት ቃል ጣል አድርጊልኝ፣ እህቴ» አለኝ። ጣል አደረግኩለት፤ ተቀጠረ።

ክረምት ሲገባ የቆመበት የመወጣጫ ጣውላ አዳለጠውና ከሦስተኛ ፎቅ ወደቀ። ነፍሱ ተረፈች፤ ወገቡ ግን ተሰበረ። ሚስቱ ሕፃኗን አዝላ ቢሮ መጣች። ቻይናዊው ኃላፊ ከወንበሩ ሳይነሳ፣ «የደህንነት ቀበቶ አላሰረም፤ ጥፋቱ የራሱ ነው በያት» አለኝ።

ሠራተኞቹ ቀበቶ ይገዛልን ብለው ደጋግመው ለምነዋል። ልመናቸውን ለኃላፊው ያደረስኩት እኔው ነኝ።

ያለውን ነገርኳት። እሷ ግን ዓይኗን የተከለችው እኔ ላይ ነው። «ቀበቶ ሰጥታችሁት ነበር እንዴ?» አለችኝ። «ሰጥታችሁት» ያለችው ወጋኝ። እኔንም ከእነሱ ደመረችኝ ማለት ነው።

ወደ ኃላፊው ዞሬ በቻይንኛ፣ «ቀበቶ አልነበረም። ሠራተኞቹ ጠይቀዋል፤ እኔ ራሴ ተርጉሜልዎታለሁ» አልኩት። ስንት ዓመት ድምፄን እያነሳሁ እየጣልኩ ያጠናሁት ቋንቋ እንደዚያ ቀን ጠርቶ ከአፌ ወጥቶ አያውቅም።

«የተቀጠርሽው ለመተርጎም ነው፣ ለመናገር አይደለም» አለኝ።

«ምን እየተባባላችሁ ነው?» አለች ሴትየዋ።

አንድ ሳላስቀር በአማርኛ ነገርኳት። «እንግዲህ፣ አንቺ ካልሽ» ብላ፣ ሳታምነኝ፣ ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች።

በዚያው ሳምንት ተባረርኩ። ሰፈር ውስጥ የተወራው ግን ቻይናዋ ጎረቤቷን ሸጠችው ተብሎ ነው። እናቴ ዕድር ላይ ተከራከረችልኝ፤ ሰሚ ስታጣ ተወችው። እኔም ብዙ ሳልቆይ ሌላ ሥራ አገኘሁ። ቻይንኛ የሚያውቅ ሰው ሥራ ፈትቶ አይቀመጥም።

አዲሱን ሥራ የምጀምር ዕለት አናጢው ደጃፉ ላይ ፀሐይ ይሞቅ ነበር፤ ክራንቹ አጠገቡ ተደግፏል። ሰላም ስለው አስቆመኝ።

«ያኔ ለኃላፊው እውነቱን ነግረሽዋል አሉ?»

«ነግሬዋለሁ» አልኩት።

ክራንቹን ወደ ራሱ ሳብ አድርጎ፣ «ኋላ ከምትተረጉሚላት ለእሱ በአማርኛ ብትይው ኖሮ እኛም እንሰማ ነበር» አለኝ።

ሚስቱ ከውስጥ ስትጠራው ሰማሁና ታክሲ ለመያዝ ወደ ዋናው መንገድ ወጣሁ።