ሐምዱ የመረመራቸው ዓሦች

ሐምዱ የሞጣ ልጅ ነው። አባቱ የጨርቅ ነጋዴ ስለነበሩ ሱቁን ይረከባል ተብሎ ሲጠበቅ፣ እሱ በጤና ሙያ ሠለጠነና ቢቸና ካለች አንዲት ትንሽ ክሊኒክ ተመደበ። ሥራው ቀኑን ሙሉ ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሶ የበሽተኛ ሰገራ መመርመር ነበር። የወስፋቱን፣ የኮሶውን፣ የመንጠቆ ትሉን እንቁላል እንደ ፊደል ለይቶ ያውቃል። እናቱ ወይዘሮ ዘይዳ ግን ስለ ልጃቸው ሥራ ሲጠየቁ «ቢሮ ነው የሚሠራ» ብለው ያልፉታል። ይህን በሰማ ቁጥር ይስቃል፤ ትንሽ ቅር ሳይለው ግን አይቀርም።

በ1964 ዓ.ም. ኅዳር ላይ፣ አቶ ገላው የሚባሉ የዚያው ከተማ ሰው በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ነገር ይዘው ከበሽተኞች ጋር ተሰለፉ።

«ምንዎን ነው ያመመዎት ጋሽ ገላው?» አላቸው ሐምዱ ተራቸው ሲደርስ።

«እኔስ ደኅና ነኝ። የታመሙት እኒህ ናቸው» ብለው ቅጠሉን ፈቱት። ሁለት ዓሦች ነበሩ።

ሰልፈኛው ሁሉ ሳቀ። የክሊኒኩ ኃላፊ ፋንታም «እዚህ የሚታከም ሰው ነው እንጂ!» አለ። ሐምዱ ግን ዓሦቹን ተቀብሎ «ከሥራ ስወጣ አያቸዋለሁ» አላቸው።

አቶ ገላው አዲስ አበባ በአንድ የውጭ አገር ሰው ግቢ አትክልተኛ ሆነው ሲኖሩ ዓሣ ማርባት ለምደው ነበር። ወደ አገራቸው ሲመለሱ የዓሣ ጫጩቶች በጋዝ ቆርቆሮ ይዘው፣ ደጀን ላይ መኪናው ሲቆም ውሃ እየቀየሩ አመጡና ከቤታቸው በታች ባስቆፈሩት ኩሬ ለቀቋቸው። አራት ዓመት ያለችግር ረቡ። በአምስተኛው ዓመት ሌላ ጫጩት ከዚያው አምጥተው ቢጨምሩ፣ ወራት ሳይቆይ ዓሦቹ ይከሱ፣ ትንንሾቹም ይሞቱ ጀመር።

ሐምዱ ማታውኑ አንዱን በምላጭ ከፈተው። ጀርባው እንደ ቢላ ስል ሆኖ ሆዱ ግን ተነፍቷል። አንጀቱ ጥብጣብ በመሰሉ ነጫጭ ትሎች ተጠቅጥቆ ለምግብ ማለፊያ አልነበረውም። መዳፍ ከማታክል ዓሣ ሃያ ሦስት ትል አወጣ።

በማግሥቱ ለአቶ ገላው ነገራቸው።

«ዓሣም ኮሶ አለው በለኛ!»

«የእኛው አይደለም፤ ዘመዱ ነው።»

«እንግዲያው መድኃኒቱ ቀላል ነው። ኮሶ እንስጣቸው።»

ሐምዱ አመነታ። እርግጠኛ አልነበረም፤ ግን የተሻለ የሚለው ነገርም አጣ። «እሺ፤ ኩሬው ውስጥ ግን እንዳይጨምሩት። በአምስት ዓሣ ብቻ እንሞክረው» አለ።

የአቶ ገላው ባለቤት ወይዘሮ አሰጋሽ የኮሶ አበባ ወቅጠው በገበቴ ውሃ በጠበጡት። አምስቱ ዓሦች ገቡበት። ፀሐይ አናት ላይ ሳትደርስ ሁሉም ሆዳቸውን ወደ ላይ ገልብጠው ተንሳፈፉ።

«እኛንስ ስንጠጣው አዙሮ ይጥለን የለ? ቆይተው ይነሡ ይሆናል» አሉ ወይዘሮ አሰጋሽ።

አልተነሡም።

«ጥፋቱ የእኔ ነው። ሳላውቅ እሺ አልኩ» አለ ሐምዱ።

«ተው እንጂ! ኩሬው ውስጥ አትጨምሩ ባትል አንድም አይተርፍ ነበር» አሉት አቶ ገላው።

ያን ቀን ከኩሬው ውሃ በብርጭቆ ቀድቶ ሄደ። በማይክሮስኮፑ ሲያየው እንደ ቁንጫ የሚፈናጠሩ ደቃቃ ነፍሳት ሞልተውበታል። ሲማር፣ የጊኒ ትል ወደ ሰው የሚገባው እንዲህ ያሉ ነፍሳት ያሉበትን ውሃ ሲጠጣ መሆኑን ሰምቶ ነበር። የዓሣውም ትል በእነሱ በኩል ይዞር ይሆን? ጎንደር ላስተማረው መምህር ጻፈ። መልሱ ጥር ላይ ደረሰው፤ «ልክ ገምተሃል» ይላል። ነፍሳቱ የትሉን እንቁላል ይበላሉ፣ ዓሣው ነፍሳቱን ይበላል። ሁሉንም ዓሣ አውጥቶ ኩሬውን ማድረቅና ኖራ መበተን ነው መፍትሔው።

ሐምዱ ደብዳቤውን ለአቶ ገላው አነበበላቸው። «ሁሉንም?» አሉ።

«ሁሉንም።»

 በአራተኛው ቀን ሐምዱ ወደ ኩሬው ሲወርድ፣ አቶ ገላው ሱሪያቸውን ጠቅልለው የኩሬውን ግድብ ሲንዱ አገኛቸው። ጫማውን አወለቀና አብሯቸው ገባ።

ኩሬው እስከ ግንቦት በፀሐይ ተሰነጣጠቀ፤ ኖራም ተበተነበት። ግድቡ ተጠግኖ ክረምቱ ሲሞላው አቶ ገላው እንደገና አዲስ አበባ ወርደው፣ ከሌላ ቦታ ጫጩት አመጡ። ሐምዱ ጥቂቶቹን ከፍቶ አንጀታቸውን ሳያይ ወደ ኩሬው እንዲገቡ አልፈቀደም።

በ1966 ጥር ላይ አቶ ገላው ሰፋፊ ጀርባ ያላቸውን ሁለት ዓሦች አውጥተው ሐምዱን ቤታቸው ጠሩት። ሥጋ ቢሆን ኖሮ አብረው አይበሉም ነበር። ዓሣ ግን አይታረድም፤ የእስላም፣ የክርስቲያን የሚባል ነገር የለበትም። ወይዘሮ አሰጋሽ በበርበሬ ጠብሰው በአንድ ገበታ አቀረቡላቸው።

«ቢስሚላህ» አለ ሐምዱ። አቶ ገላው አማትበው ከወፍራሙ ወገን ቆርሰው ወደ እሱ ገፉለት።