ስለ አስናቀ የተጠየቅሁ ዕለት

ባለፈው ሳምንት ከአዲስ አበባ ጎንደር ሄደን ሥራ ፈላጊዎችን ስንፈትን ከደባርቅ የመጣች አንዲት ልጅ ከፊታችን ተቀመጠች። የላከችልን ፕሮግራም ከሁሉም የተሻለ ነበር። ከአጠገቤ የተቀመጠው ወጣት ባልደረባዬ፣ «ከዚህ ውስጥ አንቺ የሠራሽው የትኛውን ነው?» ቢላት አንገቷን ደፋች። «እኔ እንኳ ብዙም አልሠራሁ፤ የደከመችበት ጓደኛዬ ናት» አለች። ባልደረባዬ ከስሟ ትይዩ «በራሷ አትተማመንም» ብሎ ጻፈ። እኔ እስክሪብቶዬን አስቀምጬ በመስኮት ወደ አራዳ መንገድ ማየት ጀመርሁ። ከብዙ ዓመት በፊት፣ ከዚያው መንገድ ማዶ ባለ ሆቴል፣ ልክ እንዲህ ብሎ የመለሰ ሰው አውቃለሁ።

አስናቀ ይባላል። እሱ የድብ ባሕር ገበሬ ልጅ፣ እኔ የእንፍራንዝ ባለሱቅ ልጅ። ዩኒቨርሲቲ ስንማር አራት ዓመት ሙሉ በአንድ ተደራራቢ አልጋ፣ እሱ ከላይ እኔ ከታች ተኝተናል። የመመረቂያ ሥራችንንም አብረን ሠራን። አባቱ እህል ጭነው ገበያ ሲደርሱ ዋጋው ወድቆ የሚጠብቃቸው ነገር ያንገበግበው ስለነበር፣ የየገበያውን ዋጋ በአጭር መልእክት ለገበሬው ስልክ የሚልክ ፕሮግራም እንሥራ አለኝ። ችግሩ ኔትወርክ ነው። በዚያ አገር ኔትወርክ እንደ ደመና ይመጣል ይሄዳል፤ ሲሄድ መልእክቱም አብሮ ይጠፋል። አስናቀ ሁለት ወር ታግሎ ኔትወርክ እስኪመለስ መልእክቱን ይዞ የሚያቆይ ክፍል ጻፈ። እኔ የሠራሁት ገጹን ነው፤ ቀለሙንና ቁልፎቹን። ሲያምር ያምር ነበር፤ ግን ማንም ሊሠራው ይችላል።

አንድ ጥር ለእረፍት አገሩ ወስዶኝ ነበር። የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ወርደን፣ አቧራ ለብሰን ስንደርስ አባቱ አያ መኮንን ለጎረቤት ልጅ ሚስት ሊጠይቁ ከሽማግሎች ጋር ሊወጡ ነው። እኛም ተከትለን ደጅ ቆመን ሰማን። አያ መኮንን የልጁን ሙያ አንድ በአንድ ሲያወሱ፣ ልጁ ግን በቦታው የለም።

«ምነው ራሱ መጥቶ አይናገርም?» አልሁት አስናቀን።

«አብደሃል? ስለ ራሱ የሚለፈልፍን ሰው ማን ልጁን ይሰጣል? ሌላው ይናገርለታል እንጂ።»

ስቄ አለፍሁት። ለእሱ ግን ይህ እንደ መተንፈስ ያለ ነገር ነበር።

በተመረቅንበት ሐምሌ አንድ የአዲስ አበባ ድርጅት ጎንደር ድረስ መጥቶ ተመራቂዎችን ሊፈትን ነው ተባለ። ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም፤ ጫማችን ጭቃ ጠጥቷል። ለሁለታችን የነበረን ኮት አንድ ብቻ፣ የአስናቀ እኅት ባል የሠርግ ኮት ነው። እሱ ቀድሞ ለብሶት ገባ። ሲወጣ የሆቴሉ በረንዳ ላይ አውልቆ አለበሰኝ። ሙቀቱ ገና አልለቀቀውም።

«እንዴት ነው?» አልሁት።

«ሸጋ ሰዎች ናቸው። ስላንተ ጠየቁኝ፣ አሳምሬ ተናገርሁልህ። በል ግባ! ምነው እንዲህ ፈራህ?»

ፈታኞቹ ሦስት ነበሩ። መሐል የተቀመጠችው መነጽር ያደረገች ሴት ወረቀቷን እያየች፣ «መልእክቱን የሚያቆየው ክፍል የአንተ ሥራ እንደሆነ ጓደኛህ ነግሮናል። እውነት ነው?» አለችኝ። «ቦታው አንድ ብቻ ነው። ከሁለታችሁ አንዳችሁን ነው የምንወስደው» ብላ ጨመረች።

ያኔ አባቴ ግማሽ አካሉ ከድቶት አልጋ ላይ ከዋለ ስድስት ወር ሆኖት ነበር። ሱቁ ተዘግቷል። ሦስት ታናናሾቼ የእኔን እጅ ያያሉ። እጄን ኮቱ ኪስ ውስጥ ብከተው የአስናቀ እናት ለመንገድ የቋጠሩለት ዳቦ ቆሎ ጣቴን ነካኝ።

«አዎ፣ እኔ ነኝ» አልሁ።

አስረዳ አሉኝ፤ አስረዳሁ። አስናቀ ደጋግሞ ስላስረዳኝ በቃሌ ይዤዋለሁ። ምሳሌውን እንኳ አልቀየርሁትም፦ «የተላከ ሰው ወንዝ ቢሞላበት ዳር ቆሞ ይጠብቃል እንጂ መልእክቱን ጥሎ አይመለስም። ፕሮግራሙም እንዲሁ ነው» አልኋቸው። ሴትዮዋ በጣም ወደደችው።

«ጓደኛህስ?» አለችኝ በመጨረሻ።

«ጎበዝ ልጅ ነው። ብዙ አግዞኛል።»

አግዞኛል! ያችን ቃል ዛሬም ሳስባት ፊቴ ይግላል።

ስወጣ አስናቀ ጥግ ይዞ ብርድ ያንዘፈዝፈዋል። «ስለ እኔስ ጠየቁህ?» አለኝ።

«ጠየቁኝ። ሸጋ ነገር ነው የተናገርሁልህ።»

«ታዲያስ!» ብሎ ትከሻዬን መታኝ። ዝናቡ እስኪያባራ ኪሱ ውስጥ የቀረውን ዳቦ ቆሎ አብረን በላን። እየጣፈጠኝ መብላቴን አስታውሳለሁ፤ ከሁሉም ይህ ይብስብኛል።

እኔ አዲስ አበባ ገባሁ፤ አባቴ ታከመ፤ ታናናሾቼ ተማሩ። አስናቀ ሁለት ቦታ ተፈትኖ ሁለቱም ቦታ «አብረን ነው የሠራነው» እያለ ቀረ። ከዚያ አያ መኮንን ሞቱና ወደ ድብ ባሕር ተመለሰ። አሁን መንገድ ዳር ባለች ጠባብ ሱቅ ስልክ ይጠግናል፣ ለሰው ማመልከቻ ይጽፋል። የጥምቀት ለት ሳይደውልልኝ ቀርቶ አያውቅም። በየዓመቱም ይህችን ቃል አይረሳትም፦ «እነሱ ባይወስዱኝም አንተ ያን ቀን ተናግረህልኛል።»

የደባርቋን ልጅ የጓደኛዋን ስልክ ጠየቅኋት። እዚያው ደወልሁ። «ኧረ ሙሉውን የሠራችው እሷ ናት! እኔ ሥዕሎቹን ነው ያስገባሁ» አለች ጓደኛዋ፣ ምንም ሳታመነታ። ባልደረባዬ የጻፈውን ሰረዘ። ልጅቱ ሰኞ ሥራ ትጀምራለች።

ተፈታኞቹ ሲወጡ ለአስናቀ ደወልሁ። ዛሬ እነግረዋለሁ ብዬ ቆርጬ ነበር። ከጀርባው የከባድ መኪና ድምፅ ይሰማል።

«ምነው፣ ደህና አይደለህም? ያለ በዓል ደወልህ» አለኝ ደንግጦ።

ከልጅቱ ጀመርሁለት። ጓደኛዋ እንዴት እንደተናገረችላት ነገርሁት። ወደ እኛ ልሻገር ስል ሳቁ ቀደመኝ።

«ሸጋ አደረግህ፣ ወንድሜ። አንተ ዱሮም ለሰው መናገር ታውቅበታለህ። ለእኔስ ቢሆን ተናግረህልኝ የለ?»

ቃሉ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር።

«ኧረ ምንም አይደል» አልሁት።