ካሲኖ ውስጥ የጠበቅኩት መርዶ

ጎረቤቴ በማለዳ በሬን አንኳኩተው «ተነሺ፣ ዛሬ ካሲኖ እንሄዳለን፤ ሁሉም በእኔ ነው» ሲሉኝ መጀመሪያ የመጣችብኝ እናቴ ናት።

ጎረቤቴ ስድሳዎቹን ያገባደዱ ሴት ናቸው። ዌስተን በሚባለው ሰፈር ባለው ሕንጻችን ከእኔ ሁለት ፎቅ ከፍ ብለው ይኖራሉ። በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ በካሲኖው ባስ አብረን ወደ ሰሜን እንወጣና፣ እኔም አርባ ዶላሬን እሳቸውም አርባ ዶላራቸውን ይዘን በሳንቲም የሚሠሩትን ማሽኖች ስንነካካ ውለን እንመለሳለን። ቁማርተኛ አያሰኝም፤ ቢበዛ ሥራ ፈት ያሰኛል። ታዲያ የየራሳችንን እንከፍላለን እንጂ እሳቸው ጋብዘውኝ አያውቁም። እጃቸው ጠበቅ ያለ ነው።

ሌላም የሚታወቁበት ነገር አለ። ከአገር ቤት የሞት ወሬ ሲመጣ፣ ሽማግሌዎች ተሰብስበው መርዶውን እስኪነግሩ ድረስ ባለሐዘኑን ከቤት አውጥተው የሚያቆዩት እሳቸው ናቸው። ማንም አልሾማቸውም፤ ፊታቸው ምስጢር ስለማያወጣ ነው። አንድ ጊዜ እኔም አብሬያቸው አቆይቻለሁ። ጄን ኤንድ ፊንች የሚባል ሰፈር የምትኖር ጓደኛችን ወንድሟ ሞቶባት፣ ሳትሰማ ከሞል ሞል ስናዞራት ዋልን። ጫማ ገዛንላት። መርዶ በባዶ ሆድ አይሰማምና ምሳ በግድ አበላናት። ስልኳን ጎረቤቴ በሆነ ዘዴ ተቀብለው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። እሷ ቀኑን ሙሉ ስትስቅ ዋለች። ያን ጫማ እስከ ዛሬ እግሯ ላይ አላየሁትም።

እንግዲህ «ሁሉም በእኔ ነው» የሚል ቃል ከእኚህ ሴት አፍ ሲወጣ ምን እንደሚሰማ ፍረዱ።

እናቴ በዚያ ሰሞን ሆስፒታል ገብታ ወጥታለች። ልቧ ነው። እህቴ በደወልኩ ቁጥር «ደህና ናት» ትለኛለች። የእኛን «ደህና ናት» ደግሞ የሐበሻ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል፤ ሰው ተቀብሮ ተዝካሩ ሊወጣ ደርሶም «ደህና ነው» ይባላል። ስለዚህ እህቴን ማመን ከተውኩ ቆይቻለሁ። የማምነው የእናቴን ድምፅ ብቻ ነው፤ ድምጿን ከሰማሁ ደግሞ ሦስት አራት ቀን አልፎኛል።

ወደ ኩሽና ስገባ ባሌ ሳህን ያጥባል። ካሲኖ የሚባል ነገር ሲሰማ «ገንዘቡ ከከበደሽ ለእኔ አትሰጪኝም?» የሚል ሰው ነው። ያን ቀን ግን ከሳህኑ ቀና ሳይል «ሂጂ፣ ተዝናኚ። ሥራው ገደለሽ እኮ» አለኝ። ሳህን ሲያጥብ ያየሁት ልጃችንን በወለድኩ ጊዜ ነው። ልጄም እዚህ ተወልዳ ያደገች ናት፤ ቅዳሜ ጠዋት ከመኝታ ክፍሏ አትወጣም። ያን ዕለት ወጥታ አንገቴን አቀፈችኝ።

«ጀስት ጎ፣ ማሚ። ዶንት ወሪ አባውት ኤኒቲንግ።»

ስለ ምን ነው የማልጨነቀው? አልጠየቅኳትም። ካፖርቴን ለብሼ ወጣሁ።

ባሱ ውስጥ የወትሮዎቹ ሰዎች ነበሩ፤ ቻይናውያን እናቶች፣ ቆብ የደፉ ጃማይካውያን ሽማግሌዎች፣ እርስ በርስ ብስኩት የሚቀባበሉ ፊሊፒናውያን። ከመስኮቱ ውጭ በረዶ እንጂ ሌላ የሚታይ ነገር የለም። ጎረቤቴ ትልቅ ቦርሳ ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ማስቲካ ሊሰጡኝ ሲከፍቱት ዓይኔ ገባ። ተጣጥፎ የተቀመጠ ነጭ ነጠላ አየሁ።

ነጠላ ካሲኖ ምን ይሠራል? ማስቲካውን ተቀብዬ አኘክሁ።

ካሲኖው ውስጥ እንደገባን «መጀመሪያ እንብላ» አሉኝ። እኚህ ሴት ከቤታቸው የተቀቀለ እንቁላል በፌስታል ይዘው የሚመጡ ናቸው። ያን ቀን ከቡፌው ሩዝ፣ ዓሣና ድንች በሳህን ከምረው ፊቴ አስቀመጡልኝ። «ብዪ እንጂ። ሆድሽ ባዶ መሆን የለበትም» አሉ። ይቺን ቃል ለዚያች ለጄን ኤንድ ፊንቿ ጓደኛችን ሲሏት አጠገባቸው ነበርኩ። ሩዙን ዋጥኩት።

ሽንት ቤት ብዬ ተነሳሁና በር ዘግቼ ለእህቴ ደወልኩ። አዲስ አበባ ገና ማታ ነው፣ ሰው አይተኛም። ጠራ፤ ከዚያ ተዘጋ። አላነሳችም ማለቴ አይደለም፤ ዘጋችብኝ። ለወንድሜ ደወልኩ። ጥሪ አይቀበልም። እንደገና ለእህቴ ስደውል እሷም ስልኳን አጥፍታዋለች። መቀመጫው ላይ ቁጭ ብዬ የበሩን ብሎን ሳይ ቆየሁ። ስወጣ ጎረቤቴ እጅ መታጠቢያው ጋ ቆመዋል።

«ለማን ነው የምትደውዪው?»

«ለእህቴ ነዋ፣ እትዬ።»

«ተያት፣ ትረፍ። ይልቅ ስልክሽን ስጪኝማ፤ የኔ ባትሪ ሞቷል። ለልጄ ኮል ላድርግ።»

ሰጠኋቸው። ደውለውም እንደሆነ አላውቅም፤ ስልኬ ግን ቦርሳው ውስጥ፣ ነጠላው ሥር ገባ።

ለምን ፊት ለፊት «እናቴ ሞታለች ወይ?» ብለሽ አልጠየቅሻቸውም የሚለኝ ሰው አለ። ፈራሁዋ! ሌላ ምን ምክንያት አለው? እሳቸው ካልነገሩኝ እኔ ካልጠየቅኩ፣ እናቴ በሕይወት አለች። ጠይቄ ዓይናቸውን ቢሰብሩብኝ ግን እዚያው፣ የዓሣ ሥዕል ያለበት ማሽን ፊት ሞተች ማለት ነው። እንዲያ ከሚሆን፣ ቀኑን እንደ ምንም መጎተት አለብኝ አልኩ። ካሲኖ ደግሞ ለዚህ የተመቸ ነው። መስኮት የለው፣ የግድግዳ ሰዓት የለው፤ ሰው ካልጎተተህ መሸም ነጋም የሚልህ የለም።

የዓሣዎቹ ማሽን ላይ ተቀመጥኩና ትንሿን የሳንቲም ውርርድ መርጬ ቁልፉን መጫን ጀመርኩ። እጫናለሁ፤ ዓሣዎቹ ይዞራሉ፣ ይቆማሉ። እናቴ አለች። ትንፋሼን ሰብስቤ እንደገና እጫናለሁ። አርባ ዶላሬ እስኪያልቅ አትሞትም የሚል ነገር ጭንቅላቴ ውስጥ ገባ፤ ከየት እንደመጣ እንጃ። ከጎኔ ያለች ቻይናዊት እናት ቶሎ ቶሎ ስትጫን እኔ በየመሐሉ እጄን አጣጥፌ ስለምቀመጥ፣ ማሽኑ ተበላሽቶብኝ መስሏት ሠራተኛ ልትጠራልኝ ነበር።

ጎረቤቴ አይጫወቱም። ማሽን ሲያዩ ዓይናቸው የሚበራው ሴት፣ ወንበር ስበው ከኋላዬ ተቀምጠው የእጅ ሰዓታቸውን ያያሉ። ጠባቂ ሆነውብኛል።

ገንዘቤ ሊያልቅ ጥቂት ሳንቲም ሲቀረው እጄን ከቁልፉ ላይ አንስቼ ተቀመጥኩ። «እመቤቴ፣ እባክሽ» አልኩ። ቁማር ቤት ውስጥ እመቤታችንን መጥራት ነውር መሆኑን አላጣሁትም፤ ግን ሌላ ማንን ልጥራ? ተጫንኩ። ዓሣዎቹ ተደርድረው ቆሙና ማሽኑ ይጮህ፣ ያበራ ጀመር። ቁጥሩ ወደ ላይ ይሮጣል። ሀብታም የሚያደርግ አይደለም፤ እኔ ግን እንባዬ መጣ። በዚያ ቀስታዬ ብጫወት እስከ ማታ፣ ምናልባትም እስከ ነገ የሚያቆየኝ ነበር። ሰው ሁሉ «ኮንግራጁሌሽን» ይለኛል። ጎረቤቴ ብቻ ሰዓታቸውን አይተው ተነሱ።

«በይ አሁን እንሂድ። ባሱ ሊወጣ ነው።»

«እትዬ፣ የሚቀጥለውን እንያዝ። ይኸው እያገኘሁ አይደል?»

«አይሆንም! ሰዎቹ…» አሉና አፋቸውን በእጃቸው ያዙ።

ማን ነው የሚጠብቀን አላልኩም። ያ ምስጢር የማያወጣ ፊታቸው ሲቀላ አየሁት፤ በቃኝ። ገንዘቡን ሳላወጣ ከማሽኑ ተነሳሁ። ካላወጣሁት አላለቀም ብዬ ነው። «አንቺ፣ ገንዘብሽን!» እያሉ ከኋላዬ ጮኹ። ወደ ባሱ መሄዴን አላቋረጥኩም።

ስንመለስ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። እናቴ በየዓመቱ «መቼ ነው የምትመጪው?» ትለኛለች፤ እኔም በየዓመቱ «ለፋሲካ»፣ «ልጅቷ ትምህርት ስትጨርስ»፣ «ፈቃድ ካገኘሁ» እላታለሁ። አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ነው የምሠራው። የሰው እናት አጥባለሁ፣ የሰው እናት አጎርሳለሁ፤ አንዷ ስትሞት የሌላዋን አልጋ አነጥፋለሁ። ባሱ ውስጥ ይህን እያሰብኩ፣ ለቅሶ እስኪደርስ ድረስ ድምፄ እንዳያመልጠኝ የሻርፔን ጫፍ ነክሼ ነበር።

ሕንጻችን ስንደርስ ጨልሟል። ሊፍቱ ውስጥ ጎረቤቴ ቦርሳቸውን ከፍተው ነጠላውን አወጡና ትከሻቸው ላይ ጣል አደረጉት። በራችን ጋ ስንደርስ መተላለፊያው ሙሉ ጫማ ነው፤ የወንድ ቆዳ ጫማ፣ የእናቶች ቡትስ፣ ሁሉም በረዶ የረገጠ። ያን ያህል ጫማ ተደርድሮ ከውስጥ አንድም ድምፅ አይሰማም። በበሩ ሥር የሚወጣ ብርሃንም የለም። ሻርፔን ከአንገቴ ፈትቼ ወገቤ ላይ አሰርኩት።

«ምን ሆነሻል? ምነው?» አሉኝ ጎረቤቴ። በሩን ከፈትኩ። ጨለማው ውስጥ ሰው ቆሟል፤ ትንፋሽ ይሰማኛል። መብራቱ ሳይበራ በፊት ጮህኩ።

«ወይኔ እናቴ! ወይኔ! ሳላይሽ! ሳልቀብርሽ!»

መብራቱ በራ። ልጆቹ «ሰርፕራ…» ብለው ቀሩ። ፊኛ አየሁ፣ ኬክም አየሁ፣ ግን ምንም አልገባኝም፤ ደረቴን እየደቃሁ ወለሉ ላይ ወደቅኩ። ጉዱ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ከኋላ የተቀመጡት የማኅበራችን እናቶች፣ በመንገድ ላይ እውነተኛ መርዶ ሰምቼ የመጣሁ መስሏቸው «ወይኔ! ወይኔ!» ብለው ተቀበሉኝ። አንዷ ኬኩ ያለበትን ጠረጴዛ ተደግፈው ያለቅሳሉ። ባሌ ግድግዳውን ይዞ ፊቱን ሸፈነ። ልጄ «ማሚ! ዋት ሃፕንድ? ኢትስ ዩር በርዝዴይ!» እያለች ትጮኻለች፤ የሚሰማት የለም።

ልደቴ ነበር፤ የወረቀቴ ልደት። እናቴ የወለደችኝ በፍልሰታ ሰሞን፣ ዝናብ ሲጥል ነው። ይህን የበረዶ ቀን የሰጠኝ ስሰደድ ወረቀቴን የሞላልኝ ሰው ነው፤ እኔ ሐኪም ቤት ካልጠየቁኝ በቀር አላስታውሰውም። ልጄ ግን እንደ አገሯ ልማድ አምሳ ዓመቴን በድብቅ ልታከብርልኝ፣ አባቷን፣ ጎረቤቴን፣ አክስቷንና አጎቷን ሁሉ አስምላ ነበር። እህቴ ምስጢር መያዝ ስለማትችል ስልኳን አጥፊ የተባለችውም፣ ጎረቤቴ ለግብዣው ነጠላ የያዙትም ለዚህ ነው።

ይህን ሁሉ ያወቅኩት በኋላ ነው። በዚያች ደቂቃ የሰማሁት ከቴሌቪዥኑ የሚመጣ ቀጭን ድምፅ ነው።

«ማነው የሞተው? ኧረ ንገሩኝ! ማነው የሞተው?»

ልጄ አያቷን በቪዲዮ አገናኝታ ቴሌቪዥኑ ላይ አድርጋት ኖሯል። በእነሱ እኩለ ሌሊት አልፎ እናቴ አልጋዋ ላይ ጋቢ ለብሳ ተቀምጣለች፤ ዓይኗ ፈጧል። አልቃሾቹ ዞረው አዩዋት። በጉልበቴ ወደ ቴሌቪዥኑ ሄድኩ።

«አንቺ ነሽ፣ እማዬ።»

«እኔ?»

«አንቺ ነሽ የሞትሽው።»

መጀመሪያ ጎረቤቴ ሳቁ፤ ከዚያ ባሌ፣ ከዚያ ቤቱ በሙሉ። አልቃሾቹ እናቶች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው እንባቸው ሳይደርቅ በሳቅ ተንፈቀፈቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ሳቁና ለቅሶው ተቀላቅሎብኝ ትንፋሽ አጠረኝ። እናቴ ብቻ አልሳቀችም። ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀችና ፊቷን ወደ ስልኩ አስጠጋች።

«እንዲህ ነው የምታለቅሽልኝ?» አለችኝ።

«እማዬ፣ ተይ በቃ…»

«አይ፣ ደህና አለቀስሽ። በጆሮዬ ሰማሁት፤ ደስ አለኝ። እንግዲህ ለለቅሶዬ ብለሽ እንዳትመጪ። አሁን ነይ።»

«እሺ» አልኳት። ስንት ዓመት ሙሉ በስልክ «እሺ» ስላት ኖሬያለሁ፤ ምንም አይመስለኝም ነበር። ያን ምሽት ግን ቃሉ ከአፌ ሲወጣ፣ ቀኑን ሙሉ ከፈራሁት ሁሉ የበለጠ ፈራሁት።