የስፌት መኪናው ክዳን

ባሌ የስፌት መኪና ጠጋኝ ነው። ሰፈሩ ግን «ምንድነው» ይለዋል፤ ያላየውን ነገር ሁሉ «ይሄ ደግሞ ምንድነው?» ሳይል አያልፍማ! ታሞ ሐኪም ቤት ተኝቶ እንኳ የአልጋውን ብሎን ሲፈታ ነርሷ እጅ ከፍንጅ ይዛዋለች።

ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ከልጆቿና ከወንድሟ ጋር ነበር የምትኖረው። ወንድምየው አደንዛዥ ዕፅ ሲሸጥ ተይዞ ተፈረደበት። ፍርድ ቤቱ በዚያ ንግድ የተገኘ ሀብት ይወረስ ስላለ አውቶሞቢሉ ተወሰደ፣ ቴሌቪዥኑ ተወሰደ፤ የእሷም ሁለት የስፌት መኪኖች አብረው ተጫኑ። አንዱ ጥቁር፣ አሮጌ፣ በእግር የሚረገጥ ነው። ሌላው ነጭና በኤሌክትሪክ የሚሠራ።

«ወንድምሽ ንግዱን ሳይጀምር፣ ከስድስት ዓመት በፊት የነበረሽ ከሆነ ማስረጃ አምጪ አሉኝ» አለች እያለቀሰች። «ደረሰኝ ማን ያስቀምጣል? ልጆቼን በምን ላሳድግ ነው?»

እኔ አብሬያት አለቀስኩ። ባሌ ግን፣ «የወሰዱት ሰዎች የጥቁሩን ክዳን ከፍተው አይተዋል?» አላት። ወይ ጉድ፣ በእንባ መሃል!

ነገሩ የገባኝ ችሎት ላይ ነው። መኪኖቹ ጠረጴዛ ላይ ቀረቡ። ምስክር ሆኖ የቀረበው ባሌ መፍቻ ከኪሱ አውጥቶ የጥቁሩን የጎን ክዳን ፈታና ገለበጠው። ዳኛዋ መነጽራቸውን አስተካክለው ጎንበስ አሉ። ብረቱ ላይ በምስማር የተጫረ ቀን አለ፤ ከሥሩ ሌላ፣ ከሥሩ ሌላ። መኪናውን በጠገነ ቁጥር የጻፈው ነው። የመጀመሪያው ዐሥራ ሦስት ዓመት ሆኖታል። ሃያ ዓመት አብሬው ስኖር ይህን ጉድ አላውቅም!

«ትናንት የጫሩት አለመሆኑን በምን እናውቃለን?» አለ ዐቃቤ ሕጉ።

«መኪናው እናንተ ጋ ከተቆለፈበት አራት ወሩ አይደል እንዴ?» አለ ባሌ።

«ለምንድነው የሚጽፉት?» አሉ ዳኛዋ።

«ተመልሶ ሲመጣ ምን ያህል ጊዜ ጤነኛ ሆኖ እንደቆየ ለማወቅ ነዋ።»

«ነጩስ?»

ልብስ ሰፊዋ ባሌን አየችው። እኔም በልቤ፣ አንተ ሰው፣ አላውቅም በል እያልኩ ነበር። እሱ ግን ፈታው። አንድ ቀን ብቻ ተጽፏል፤ የዛሬ ሁለት ዓመት። «ይሄን ከካርቶኑ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ገዝቶ የጠራኝ ወንድሟ ነው» አለ።

ጥቁሩ ተመለሰላት፤ ነጩ ተወረሰ። ከዚያ በኋላ ሁለት ወር ሙሉ በበራችን ስታልፍ ፊቷን አዞረችብን። ባሌ አንጀቱ አርሮ ነበር፤ ምግብ እንኳ አልበላ ብሎ አስቸገረኝ።

አንድ ጠዋት በሩ ተንኳኳ። ልብስ ሰፊዋ ናት፤ ጥቁሩን መኪና ከብረት እግሩ ነቅላ ተሸክማዋለች፤ ላብ በላብ ሆናለች። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችውና ባሌን ሳታየው፣ «ክር እየበጠሰ አስቸገረኝ» አለች።

ልትወጣ ስትል በሩ ላይ ዞር አለች።

«ስትጨርስ ቀኑን መጻፍ እንዳትረሳ።»