ነጠላ ያላለበስኩት ሶፋ

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ከሬድመንድ ከተማ ደወለችልኝ። «አጎቴ፣ የማሚ የሰርግ ሶፋ አሁንም ጋራዥህ ውስጥ ነው አይደል? ለሰርጌ ፈልጌው ነበር።» አለ አልኳት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ለቀናት ወደ ጋራዡ አልገባሁም።

እህቴ ስታገባ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። ቀን አሮጌ የቤት ዕቃ የሚታደስበት ሱቅ እሠራለሁ፣ ማታ ኮሌጅ የሥነ ጥበብ ታሪክ እማራለሁ፤ አፌ ደግሞ አያርፍም። ሶፋውን ከሱቁ ሊጥሉት ሲሉ ለሙሽሮቹ መቀመጫ ብዬ ለምኜ ወሰድኩት። የፈረንሳይ አብዮት ዘመንን አሠራር የተከተለ ነው፤ መደገፊያው አናት ላይ በጠፍር የታሰሩ ዘንጎች፣ ከመሀላቸውም ብቅ ያለ መጥረቢያ ተቀርጾበታል። እሱን በወርቅ ቅብ ሳስጌጥ ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ፣ ዓይኔ እስኪፈዝ!

ሰርጉ እዚሁ አሜሪካ፣ ኦቴሎ በሚባል ሰፈር፣ አንድ አዳራሽ ውስጥ ነበር። ሰኔ እዚህ በጋ ቢሆንም ደጁ ያካፋል፣ ከጓዳ የቁሌት ሽታ ይመጣል። አባታችን ስለሞተ በአባት ቦታ ቆመው እንዲመርቁ የለመንነው ጎረቤታችንን አባባ ተስፉን ነው። እህቴ «እሳቸው ካልመረቁኝ ሰርግ አይባልም» ትል ነበር።

ሙሽሮቹ ሳይገቡ አባባ ወደ ሶፋው ቀረቡና ቀጥ አሉ።

«ልጄ፣ ይህን ነገር ነጠላ አልብስልኝ» አሉ ቀስ ብለው። «አባቴን አስረው የወሰዱት ጣልያኖች ባርኔጣ ላይ ነበር።»

ነጠላ ማልበስ ምን ይከብዳል? እኔ ግን የታየኝ ሦስት ሳምንቴ ነው። እንግዳው ሁሉ እየሰማ፣ «አባባ፣ ተሳስተዋል» አልኳቸው። «ይሄ የጥንት ሮማውያን የሹመት ምልክት ነው። ፈረንሳዮቹም አሜሪካኖቹም የሪፐብሊክና የአንድነት ምልክት አድርገውታል። ፋሺስቶቹ የወሰዱት በኋላ ነው። አንቱ ታሪኩን ስለማያውቁት ነው።»

አንዱ ጓደኛዬ ሳቀ።

«እሺ፣ የተማርከው አንተ ነህ» ብለው ኮታቸውን አነሱ። እህቴ ገብታ በዓይኗ ፈልጋ ስታጣቸው «አባባስ?» አለችኝ። አሟቸው ሄዱ ብዬ ዋሸሁ። ምርቃቱን ሌላ ሰው ፈጸመው። የዚህ አገር ክረምት ሲገባ፣ ታኅሣሥ ላይ፣ አባባ አረፉ።

ያነበብኩት ስህተት አልነበረም፤ ዛሬም ብፈተን ያንኑ እጽፋለሁ። እሳቸው ግን ነጠላ እንጂ ትምህርት መች ጠየቁኝ!

ትናንት ሶፋውን ገለጥኩት። ወርቁ አልደበዘዘም። የእናቴን ነጠላ አልብሼ ዳርና ዳሩን በመርፌ ሰፋሁት። ከዚያ እህቴ ጋ ደወልኩ።

«አባባ ተስፉን ያን ቀን አላመማቸውም ነበር» አልኳት።

«አውቃለሁ» አለች። «በነጋታው ቤቴ መጥተው መረቁኝ። ‹ወንድምሽን እንዳትቆጪው፣ ልጅ ነው› ብለውኝ ሄዱ።»

አባባ እኮ ከእኔ አንድ ፎቅ ዝቅ ብለው ነበር የሚኖሩት። እስኪሞቱ ድረስ፣ ስድስት ወር ሙሉ፣ ደረጃው ላይ ባገኙኝ ቁጥር ቀድመው ሰላም ይሉኝ ነበር።