መንገዱ ወደ ቀኝ የዞረ ሰሞን

አምባው ግራኝ ሆኖ ነው የተወለደው። ልጅ ሳለ እናቱ ምግብ ሲቀርብ ግራ እጁን በነጠላዋ ጫፍ እያሰረች በቀኙ መብላት አስለመደችው። ቀኙ መብላቱን ተማረ፤ ጭንቅላቱ ግን ከዚያ ወዲህ ሁለቱን መለየት አልሆነለትም። «ወደ ቀኝ» ሲሉት ሰውነቱ ወደ ግራ ይሄዳል። ጎልማሳ እስኪሆን ድረስ ይህ ጉድ ከመሳቂያነት ሌላ ያመጣበት ጉዳት አልነበረም።

ሥራው የጭነት መኪና ረዳትነት ነው። ከአቃቂ ባቡር ጣቢያ የሚወርደውን ጥጥና ስሚንቶ ጭነው ወደ ከተማ ይወጣሉ። ሹፌሩ ጋሽ ጉተማ መኪናው ባዶ ሲሆን መሪውን እየለቀቁለት መንዳቱን አስተምረውታል። ያኔ መኪና በግራ በኩል ነበር የሚሄደው። በዚህ ዓለም ለግራኝ ታስቦ የተሠራ ነገር ቢኖር ይህ መንገድ ነው እያለ አምባው በልቡ ይደሰት ነበር።

ደስታው አልበረከተም። ከሰኔ ፲፱፻፶፮ ዓ.ም. ጀምሮ መኪና ሁሉ በቀኝ ይሂድ ተባለ። ጋሽ ጉተማ በስተርጅና አዲስ መንገድ አልማርም ብለው ሥራውን ለመተው ቆረጡ። ባለመኪናው አቶ ጀቤሳ አምባውን አስጠርተው ነገሩን በአጭሩ ጨረሱት። ክረምቱ ሳይገባ መንጃ ፈቃድ ካወጣ መኪናውን እሱ ይይዛል፤ ካላወጣ ሌላ ሹፌር ይቀጠራል። አዲስ ሹፌር ደግሞ የራሱን ረዳት አስከትሎ ነው የሚመጣው። እንግዲህ አምባው ሹፌር ካልሆነ ረዳትነቱም ቀረ ማለት ነው።

እህል አልወርድ አለው። ደንቡንስ አጠናው፤ አቀበት ለሚወጣ ቅድሚያ ስጥ፣ ሀዲድ ስታገኝ ቆመህ ወዲያና ወዲህ እይ፣ ሁሉንም እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሉ ይወጣዋል። ጣጣው የግራና የቀኙ ነገር ነው። ሚስቱ የሺሐረግ ምንጣፉ ላይ በከሰል መንገድ ሠርታ ሁለት የክብሪት ቀፎ መኪና አደረገችለት። የእሱ ክብሪት በተነሣ ቁጥር ከእሷ ክብሪት ጋር ፊት ለፊት ይላተማል። መጀመሪያ ትስቅ ነበር። ኋላ ግን ሳቋን ትታ፣ «አንተ ሰው ልትፈጅ ነው» አለችው። እሱንም ያስፈራው ይኸው ነበር፤ ሳሪስ አቦ ደጃፍ፣ በንግሥ ቀን ሕዝቡ መካከል፣ እጁ ሲሳሳት ይታየዋል።

የፈተናው ቀን ደረሰ። ፈታኙ ሃምሳ አለቃ አያና አይስቁም፣ የተናገሩትን አይደግሙም የሚል ወሬ ቀድሟቸዋል። የቃል ፈተናውን አምባው ሳይደነቃቀፍ አለፈ። ከዚያ ጎኑ ተቀመጡና ንዳ አሉት። ከፊቱ የሚሄድ መኪና እየተከተለ ቃሊቲን አለፈ። ባለጋሪዎች ገና በድሮው ወገን ይሄዳሉ፤ አንዱ ፊት ለፊት ቢመጣበትም እሱ ቀኙን እንደያዘ ዘገየ፤ ባለጋሪው ዞር አለለትና በሰላም ተላለፉ።

ሀዲዱ ጋ ሲደርስ ባቡር እየጮኸ መጣ። ቆመ። የመጨረሻው ፉርጎ አልፎ ሄደ፤ አምባው ግን አልተንቀሳቀሰም። ከሀዲዱ ማዶ ዋናው መንገድ ነው። ሊገባበት ሲል መኪና ከወዴት እንደሚመጣበት ጠፋው። የፈሩት ይደርሳል እንዲሉ፣ ጋሽ ጉተማ ያስተማሩት አንድ ወገን ይለዋል፣ አዲሱ ደንብ ሌላ። ከኋላው የመኪና ጥሩንባ ተነሣ።

ሃምሳ አለቃው ምን እንደሚጠብቅ ጠየቁት። ሞተሩ አስቸገረኝ ብሎ ማምለጥ ይችል ነበር፤ አፉ እንቢ አለው።

«ጌታዬ፣ ከየት በኩል እንደሚመጡብኝ ጠፋኝ» አለ። መኪናውም ረዳትነቱም አብረው ሲሄዱ ታየው።

 ሃምሳ አለቃው ኮፍያቸውን አውልቀው ግንባራቸውን ጠረጉ።

«እኔንም ዛሬ ጠዋት ከቤቴ ስወጣ መኪና ለጥቂት ነው የሳተኝ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ሁለቱንም ወገን እይ። ደግመህ እይ። ከዚህ ሌላ የምነግርህ የለኝም።»

ሁለቱም አንገታቸውን እንደ ዶሮ እያዟዟሩ መንገዱ ውስጥ ገቡ። ሃምሳ አለቃው ወደ ጽሕፈት ቤቱ እንደተመለሱ ፈርመው መንጃ ፈቃዱን ሰጡት።

አምባው ወረቀቱን ኪሱ ከትቶ ወጣ። መደሰት ነበረበት፤ ግን አልሆነለትም። እስከ ዛሬ ከየመሪው ኋላ መንገዱን የሚያውቅ ሰው የተቀመጠ ይመስለው ነበር፤ አሁን ግን እንደ እሱ ያለም እንደሚቀመጥ አወቀ። የሺሐረግ ከመንገዱ ማዶ ቆማ ስትጠብቀው አየ። እሷም አየችውና ወደ እሱ ልትሻገር ተነሣች። እንደ ድሮው ወደ ቀኟ ብቻ ተመልክታ፣ አሁን መኪና የሚመጣበትን ግራዋን ሳታይ እግሯን አስፋልቱ ላይ አሳረፈች።

«የሺ፣ ቁሚ!»

ቆመች። የጭነት መኪና ነጠላዋን አውለብልቦ አለፈ። አምባው ወዲያም ወዲህም ደጋግሞ እያየ ተሻግሮ ደረሰላት። ፊቷ አመድ መስሏል። በየት በኩል እንደተመለከተች እንኳ አላወቀችም፤ ሹፌሩን ነው የረገመችው።

«እንዲህ ላለው ሰው መንጃ ፈቃድ የሚሰጠው ማን ነው?» አለች።

አምባው ወረቀቱን ከኪሱ አውጥቶ እጇ ላይ አኖረላት። የሺሐረግ አየችው። እልል ልትል አፏን ከፈተች፤ ግን ያ መኪና ወደ ሄደበት ዞራ አየችና እልልታውን ተወችው።